ቍስሉ የማይታይ ሕመምና የእኛ ፍርድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በማኅሌት ቆመው ሌሊቱን የሚያነጉ ሊቃውንትን አስተውላችሁ ታውቃላችሁን? ሰዓቱ ሲረዝም በመቋሚያቸው ይደገፋሉ። እኛም ይህን አይተን «እምነታቸው ቢጸና ኖሮ ያለ እንጨት ይቆሙ ነበር» ብለን አናውቅም። ጕልበት እንደሚደክም፣ አገልግሎቱም እንዳይታጐል ድጋፍ እንደሚያስፈልግ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች። የደከመው ጕልበት ሳይሆን ልብ ሲሆን ግን አነጋገራችን ይለወጣል። «ወደ ሥነ ልቡና ባለሙያ እየሄድሁ ነው» የሚል ወጣት ከሰንበት ትምህርት ቤታችን መካከል ቢነሣ ምን ብለን እንደምንመልስለት እናንተም እኔም እናውቀዋለን። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያ የምናውቀው መልስ ነው።

አንዲት እኅታችን በመዝሙር ክፍል አብራን ታገለግል ነበር። ወደ ዓረብ ሀገር ሄዳ ሦስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። ከተመለሰች በኋላ ወገቧንና ትከሻዋን ያማት ጀመር፤ ራስ ምታቱም አልለቅ አላት፤ ሌሊት እንቅልፍ አጣች። ራጅ ተነሣች፣ ደሟ ተመረመረ፣ በመጨረሻም ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ ኤምአርአይ ተነሣች። ውጤቱ ሁሉ «ምንም የለብሽም» የሚል ሆነ። ወደ እኛ ስትመጣ ደግሞ «ጠበል ግቢ»፣ «ስግደት ጨምሪ»፣ «ጸሎትሽን አጥብቂ» አልናት። ከእነዚህ ምክሮች አንዱንም እንደ ክፉ የምቈጥር አይደለሁም። ክፉ የሆነው ከምክሩ በስተጀርባ የነበረው ፍርድ ነው፤ ሐኪም ካላገኘብሽ፣ ጠበሉም ካልፈወሰሽ፣ ጕድለቱ ያለው አንቺ ዘንድ ነው የሚል። ይህን ፍርድ በለዘበ ቃል ካሰሟት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። እርሷም በመጀመሪያ ከልምምድ ቀረች፤ ቀጥሎ ከጉባኤ፤ ቀጥሎም ከቅዳሴ።

ከወራት በኋላ ሳገኛት በሳምንት አንድ ቀን ወደ አንዲት የሥነ ልቡና ባለሙያ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ባለሙያዋ ምን እንዳደረገችላት ጠየቅኋት። «ያመመኝን ያመነችኝ እርሷ ብቻ ናት» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ ግን ትቼዋለሁ።

ስለ ሕመም ያለን አሳብ ራሱ መታረም ይኖርበታል። ብዙዎቻችን ሕመምን እንደ ደወል ገመድ እናስበዋለን፤ ከታች ሲጐተት ከላይ ይጮኻል፣ የሚጐትት ከሌለ ደግሞ ጩኸት የለም። ስለዚህ ራጁ ንጹሕ ሲሆን ሕመምተኛው ያስመሰለ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክ እና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከሰውነት ወደ አንጎል የሚሄደው የሕመም መልእክት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ባለ አሠራር እንደሚያልፍ፣ በሩም አንዳንድ ጊዜ እንደሚከፈት፣ አንዳንድ ጊዜም እንደሚጠብ አስረዱ። አንጎል ራሱ ወደ ታች በሚልከው ትእዛዝ በሩን ያላላዋል ወይም ያጠብቀዋል። ፍርሃት፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ያላሉታል፤ ዕረፍትና መረጋጋት ያጠብቁታል። ከእነርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ዝርዝሩን ቢያርሙትም ዋናው ነገር ጸንቶ ቆይቷል። በጦርነት እግሩን ያጣ ሰው በሌለው እግሩ ጣት ላይ የሚያቃጥል ሕመም ሊሰማው እንደሚችል ሐኪሞች ሁሉ ያውቁታል። እግሩ የለም፤ ሕመሙ ግን አለ፤ ሰውየውም አልዋሸም።

ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ ሌሊት ሌባ ገብቶበት የነበረ ቤት ውሻ ከዚያ ወዲያ ቅጠል ሲወድቅም ይጮኻል። ውሻው ክፉ አይደለም፤ ጩኸቱም የውሸት አይደለም፤ ቤቱን ለመጠበቅ የተሰጠው ጠባይ ከልክ በላይ ነቅቶ ነው። የሰው የነርቭ ሥርዓትም አደጋው ካለፈ በኋላ ነቅቶ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ «ሕመምሽ ከሥነ ልቡና ጋር የተያያዘ ነው» ማለትና «ሕመምሽ ውሸት ነው» ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛ ግን የመጀመሪያውን ሰምተን ሁለተኛውን እንናገራለን።

ከሥጋ ሕመም ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሄደው ሌላው ቍስል ከአሰቃቂ ድርጊት በኋላ የሚቀረው ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የተነሣውን ጦርነት፣ ከዚያም በኋላ በየአካባቢው የቀጠለውን ግጭት፣ መፈናቀሉን፣ የስደቱን መንገድ አስቡ። ከዚህ ሁሉ ያለፉ ሰዎች ዛሬ በዐውደ ምሕረቱ ከእኛ ጋር ቆመዋል። በትንሣኤ ሌሊት ርችት ሲተኮስ እኛ እልል ስንል ከመካከላችን አንዱ ላብ አጥምቆት፣ ልቡ እየመታ፣ ወደ ቅጥሩ ጥግ ይሸሻል። ሌላው የሆነበትን ነገር ከሚያስታውሰው መንገድ ሁሉ ይርቃል፤ ሌላዋ በሕልሟ እየጮኸች ትነቃለች፤ ሌላው ደግሞ ከማንም ጋር መቀለድም ማልቀስም አቅቶት እንደ ደረቀ እንጨት ይቀመጣል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1980 በሕመሞች መዝገቡ ውስጥ ፒቲኤስዲ በሚል ስም አስገብቶታል። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ጻድቁ ኢዮብም በመኝታው ዕረፍት ፈልጎ ሳለ በሕልም እንደ ተሸበረ ተናግሯል (ኢዮ. 7፥13-14)።

ታዲያ በዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል? ብዙዎቻችን ያላየነውን ነገር በጥርጣሬ ስለምንመለከተው እኅታችን የነገረችኝን ላካፍላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባለሙያዋ ከመጠየቅና ከማዳመጥ በቀር ብዙ አላደረገችም። እንቅልፏን፣ ምግቧን፣ ሕመሙ የሚጀምርበትን ሰዓት ጠየቀቻት። ከዚያም በአንድ ደብተር ላይ ሕመሙ የጠነከረበትን ቀንና በዚያ ቀን የሠራችውን ሥራ እንድትጽፍ አዘዘቻት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብተሩን አብረው ሲያነቡ አንድ ነገር ተገለጠ፤ ትከሻዋ እንደ ድንጋይ የሚደርቀው ቤቱን በበረኪና በምታጸዳበት ቀን ነበር። በዚያ ሀገር የደረሰባት ነገር የደረሰባት በረኪና በሚሸትበት ክፍል ውስጥ ነው። እርሷ ልትረሳው ትታገል ነበር፤ ሰውነቷ ግን አልረሳም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ደረጃ በደረጃ ሄደ። ባለሙያዋ ታሪኩን በአንድ ቀን እንድታፈስሰው አላስገደደቻትም፤ አስቀድማ ፍርሃቱ ሲመጣ ትንፋሿን በዝግታ እየሳበችና እየለቀቀች ሰውነቷን ማረጋጋትን አስተማረቻት። ሕመሙ ሲቀልላት የቤቱን ሥራ ሁሉ በአንድ ቀን ጨርሳ ሦስት ቀን መተኛት ልማዷ ነበር፤ ይህን ትታ በየቀኑ በልክ እንድትሠራ፣ በልክም እንድታርፍ አደረገቻት። የሆነውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ መናገር የጀመረችው ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ብላ አትናገርም። ባለሙያዋም እንዲህ ያለ ተስፋ አልሰጠቻትም፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ እምነት የጣልሁባት በዚህ ነው። አሁን ግን ትተኛለች፣ ትሠራለች፣ ትስቃለች።

በነገራችን ላይ የሥነ ልቡና ባለሙያና የአእምሮ ሐኪም አንድ አይደሉም። የአእምሮ ሐኪም ሕክምና ተምሮ መድኃኒት የሚያዝዝ ነው፤ የሥነ ልቡና ባለሙያ ደግሞ በንግግርና በተግባር ልምምድ የሚያክም ነው። አንዳንድ ሕመም ሁለቱንም ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «የንስሐ አባት እያለን ለምን ወደ ሌላ ሰው እንሄዳለን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። እኅታችን በዚያ ሀገር የደረሰባትን በደል ለዓመታት የተሸከመችው እንደ ራሷ ኃጢአት አድርጋ ነበር። ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳም «ኃጢአት ሠርቻለሁ» ብላ ጀመረች፤ ምን እንደ ሆነ ግን መናገር አልቻለችም። እርሳቸውም የሰሙት ኃጢአት የሚለውን ቃል ብቻ ስለ ሆነ ቀኖና ሰጧት። ቀኖናውን ፈጸመች፤ ሸክሙ ግን አልወረደም። እንዴትስ ይወርዳል? የእርሷ አልነበረማ! ሰው የሠራውን ኃጢአት ይናዘዛል፤ የተሠራበትን ግፍ ግን ንስሐ ሊገባበት አይችልም። ንስሐ ለበዳዩ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ተበዳይን የሚያስፈልገው ፈውስ ነው፤ ፍትሕም ነው። ሁለቱን ስንቀላቅል ተበዳዩን በበዳዩ ወንበር ላይ አስቀምጠን እንፈርድበታለን። ለስንት እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን እንዲህ እንዳደረግን እግዚአብሔር ያውቃል።

በጎ የሥነ ልቡና ባለሙያ ከሚሠራቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ይህን በደል ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው። ይህም የካህኑን ሥልጣን አይነካም። ባለሙያዋ ኃጢአት አታስተሰርይም፣ አትፈታም፣ አታስርም፤ ሥጋውንና ደሙን አታቀብልም። ካህኑም ከድንጋጤ የሚመጣን የልብ ምት ለማከም አልተማሩም፤ እንዲማሩም አልተጠየቁም። እንዲያውም የሸክሙ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ከለየች በኋላ እኅታችን ወደ ንስሐ አባቷ የተመለሰችው በእውነት የራሷ የሆነውን ይዛ ነው። የመነኮሳት መጻሕፍታችን፣ ማር ይስሐቅም ፊልክስዩስም አረጋዊ መንፈሳዊም፣ ስለ ሐሳብ ውጊያ ብዙ የጻፉት መንፈሳዊ አባት የልጁን ልብ መርምሮ ይለይ ዘንድ ነው። መለየት የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ ሁሉን በአንድ ስም መጥራት ግን የእኛ ችኮላ ነው።

ቅዱስ ወንጌልም ይለያል። ወንጌላዊው ማቴዎስ ወደ ጌታችን የመጡትን ሕሙማን ሲቈጥር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችን ለብቻ ጠርቷቸዋል (ማቴ. 4፥24)። ርኩስ መንፈስ የለም የምንል አይደለንም፤ ቤተ ክርስቲያናችን የምታምነውን እናምናለን። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣውን ሁሉ፣ ያዘነውን ሁሉ፣ ብቻውን የሚያወራውን ሁሉ «መንፈስ አለበት» ማለት ወንጌላዊው የለየውን መቀላቀል ነው።

ነቢዩ ኤልያስንም አስቡት። በቀርሜሎስ እሳት ካወረደ በኋላ ኤልዛቤል ስትዝትበት ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገ. 19)። በእኛ ጉባኤ መካከል እንዲህ ያለ ቃል ቢናገር ኖሮ «አንተ እንኳን እንዲህ ትላለህ? እሳት ያወረድህ ሰው!» ብለን በገሠጽነው ነበር። እግዚአብሔር ግን አልገሠጸውም። ተኛ። መልአኩ ቀስቅሶ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ዳግመኛም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ እንደ ሆነም ነገረው። ጥያቄው የመጣው ዐርባ ቀን ተጕዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። አስቀድሞ እንቅልፍ፣ አስቀድሞ ምግብ፣ ከዚያ ንግግር፤ ይህ የእግዚአብሔር ርኅራኄ የሄደበት ቅደም ተከተል ነው። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በምድር ላይ በዝምታ ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር፤ ስሕተታቸው የጀመረው የሕመሙን ምክንያት ሊያስረዱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

«መድኃኒት መፈለግ አለማመን ነው» ለሚሉም ንጉሥ ሕዝቅያስን ማንሣት ይበቃል። ጸለየ፣ አለቀሰም፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ በዕድሜው ላይ ዐሥራ አምስት ዓመት ጨመረለት። ከዚህ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ፤ ዳነም (2ኛ ነገ. 20)። ጸሎቱ ተሰምቷል፤ መድኃኒቱም ተደርጓል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሕመምተኛው እንዲጸልይም ለባለ መድኃኒት ስፍራ እንዲሰጥም በአንድነት ያስተምራል። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በዐራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሳርያ አጠገብ ድሆችና ሕሙማን የሚረዱበትን ታላቅ ቤት ሠርቷል፤ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓትም የሕክምና ጥበብ ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን፣ ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣልም እርሱን መናቅም ተገቢ አለመሆኑን አስተምሯል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ከእርሱ ጋር ኖሯል (2ኛ ቆሮ. 12)። ያልተፈወሰውን ሁሉ በእምነት ጕድለት የምንከስስ ከሆነ በዚህ ሐዋርያ ላይ ምን ልንል ነው?

በጠበል ስፍራዎቻችን ስለሚሰማ አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። ጠበል የእግዚአብሔር የቸርነቱ መገለጫ ነው፤ በጠበል የተፈወሱትን በዓይናችን ያየን ነን። ነገር ግን «መድኃኒትህን ጣል፣ ካልጣልኸው ጠበሉ አይሠራልህም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ይህን ለማለት ከማንም ሥልጣን አልተቀበሉም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ሊነሣና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶችም መካከል የሰውነት ውኃ ሲቀንስ በደም ውስጥ መጠናቸው የሚጨምርና ሰውን የሚመርዝ አለ፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለቀናት ሳይበላና ሳይጠጣ ልጠመቅ ቢል ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሊያደርገው አይገባም።

ይህ ክርክር በቤተ ክርስቲያናችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣ አይደለም። የኤችአይቪ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያም ጠበል በብዛት ይጠመቁ በነበረበት ዘመን «መድኃኒቱ ወይስ ጠበሉ?» የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን አስጨንቆ ነበር፤ መድኃኒቱን ያቋረጡም ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና እንደማይቃረኑ በይፋ አስተማሩ። ለደም ሕመም የተነገረው ለአእምሮ ሕመም የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ? እኔ አንድም አላገኘሁም።

አንድ የሚያሳፍረንን ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሀገራችን ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። እኛም በጨዋታ መካከል ሰውን ልንሰድብ ስንፈልግ «አማኑኤል ግባ» እንላለን። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ሆነ ማለት የሆነውን፣ በልደት በዓል የምንዘምርለትን ስም፣ ለታመመ ወንድማችን ስድብ አድርገነዋል። እስቲ በሚቀጥለው ጊዜ ቃሉ ከአፋችን ሊወጣ ሲል ቆም ብለን እንስማው።

ለሥነ ልቡና ባለሙያዎችም ጭፍን ጠበቃ ልሆን አልፈልግም። በስልካችን ላይ በየቀኑ የምናያቸው «አማካሪ» ነን ባዮች ብዙዎቹ ምን እንደ ተማሩ አይታወቅም። ከባለሙያዎቹም መካከል ጾምንና ስግደትን የሕመም ምልክት አድርጎ የሚመለከት ቢገጥማችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ፤ የሐኪም ቤት በር አንድ ብቻ አይደለም። ትምህርቱንና የሙያ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ይህ ነውር አይደለም። የነገራችሁትን ምሥጢር ለማን ሊያካፍል እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁት። ጥሩ ባለሙያ እምነታችሁን ባይጋራችሁ እንኳ ያከብረዋል፤ ጸሎታችሁንም ለፈውሳችሁ እንደ ኃይል ይቈጥረዋል። «ይህ ትምህርት ከማያምኑ ሰዎች የመጣ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ከመሥራቾቹ መካከል እንደ ሲግመንድ ፍሮይድ ያሉ ሃይማኖትን ያልተቀበሉ ነበሩ። ነገር ግን የወገባችንን ራጅ ያነሣው ሰው ምን እንደሚያምን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

ከሁሉ የሚከብደው ገንዘቡ ነው። የግል ባለሙያ ክፍያ ለአብዛኛው ወጣት የሚቀመስ አይደለም። የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ክፍያቸው ይቀላል፤ ወረፋቸው ግን ይረዝማል። እዚህ ላይ ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ሥራ አላቸው። ከየአጥቢያችን ሥነ ልቡናን በዩኒቨርሲቲ የተማሩ አባላት አይጠፉም፤ እኛ ግን ለመዝሙር ጥናትና ለጉዞ ምዝገባ ብቻ እንፈልጋቸዋለን። ለመምህራንና ለክፍል ኃላፊዎች የአእምሮ ሕመም ምልክቶችን እንዲያስተምሩ ብንጠይቃቸው፣ ለጉዞና ለድግስ ከምናዋጣው ጥቂቱን ለአንድ የታመመ ወንድም ቀጠሮ ብናውለው ምን ይጐድልብናል? ደጉ ሳምራዊ ቍስሉን በዘይትና በወይን ካሰረለት በኋላ ሁለት ዲናር አውጥቶ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ከፍሏል፤ ይህንን ክፍል ስንሰብክ ዘይቱንና ወይኑን እንተረጕማለን፣ በዲናሩ ላይ ግን ብዙ አንቆይም።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ እለምናችኋለሁ። ከመካከላችሁ አንዱ መኖር እንደ ሰለቸው፣ ሞት እንደሚሻለው ቢናገር አትደንግጡበት፣ አታባርሩትም። ራሱን ለመግደል አስቦ እንደ ሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቁ አሳቡን አይጭርበትም፣ ብዙውን ጊዜ ያሳርፈዋል እንጂ። ብቻውን አትተዉት፤ ሊጐዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ፤ ለንስሐ አባቱም እንዲነገር አድርጉ። «እስኪ እስከ እሑድ እንጸልይበት» የሚባልበት ጕዳይ አይደለም። እየሄዳችሁ ጸልዩ።

እኅታችን ወደ ባለሙያዋ መሄዷን ለንስሐ አባቷ ለመንገር ብዙ ጊዜ ፈርታ ነበር። በመጨረሻ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ የወገቧ ሕመም ስግደቱን ስላልፈቀደላት፣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ በዚያ ሀገር የሆነባትንም ለመጀመሪያ ጊዜ በቃሏ ተናገረች። አባታችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሥነ ልቡና የሚባል ትምህርት አልተማሩም። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የቀድሞውን ቀኖና አንሥተው «ያ የአንቺ አልነበረም ልጄ፣ ሳላውቅ አስሸከምሁሽ» አሏት። ስግደቱንም እንደ ጕልበቷ መጠን ቀንሰው፣ የቀረውን በመዝሙረ ዳዊት እንድትተካው አዘዙ። ልትሰናበታቸው መስቀሉን ስትሳለም ወደ ባለሙያዋ የምትሄደው በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ጠየቋት። ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ነገረቻቸው። «እንግዲያው ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት አንቺ እዚያ ስትነግሪያት እኔ እዚህ ስምሽን እጠራለሁ» አሏት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።